የትራሱ ዋስ

የኦቦ ጉተማን ማረፍ የሰማሁት አምቦ ገበያ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረኝ ከጊንጪ የመጣ የአውቶቡስ ረዳት ነበር። «ጋሼ ታዬ፣ አልሰሙም እንዴ? ኦቦ ጉተማ እኮ አረፉ። አዲስ አበባ ለሕክምና ሄደው እዚያው ሆነ። ከትናንት በስቲያ ቀበርናቸው» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ «ምን ነካቸው? መቼ ታመሙ?» ይላል። እኔ ግን ሽንኩርቱን እንደያዝኩ «ከረጢታቸውን ይዘው ነበር የሄዱት?» አልኩት። ረዳቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ድንጋጤ አናቱ ላይ ወጥቶበታል ብሎኝ ይሆናል።

አልወጣብኝም። ኦቦ ጉተማን በቅጡ ያወቀ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰውየው ጎረቤት ለቅሶ ቢሄዱም፣ አዲስ አበባ ቢሄዱም፣ ወደማይቀረው ቤት ቢሄዱም፣ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የምትመጣው ያቺ ትንሽ ከረጢታቸው ናት።

ያወቅኳቸው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። ጊንጪ ላይ የነበረው የደን ቆጠራ ቡድን አለቃ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ለሦስት ወር ሙከራ ከአምቦ የተላክሁ ቆጣሪ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ኦቦ ጉተማ «ይሆናል» ብለው ከፈረሙልኝ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ካልፈረሙ ተመልሼ አማቴ ቤት ጓሮ፣ ከዶሮዎቹ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ መግባቴ ነው። ባለቤቴ ብርሃኔ ሁለተኛ ልጃችንን ይዛ ነበር። «ከዶሮ ጋር አልወልድም» ብላኛለች፤ ብርሃኔ ደግሞ ያለችውን የማትረሳ ሴት ናት።

ሥራችን ጫካ ገብቶ ጽድና ዝግባ መቁጠር፣ ግንዱን በሜትር መለካት፣ የተለካውን በቀይ ቀለም ምልክት ማድረግ ነበር። አንዴ ከወጣን አራት አምስት ቀን ጫካ እናድራለን። በቅሎ እንዲሰጠን ለበላይ መሥሪያ ቤት የጻፍነው ደብዳቤ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘም። ስለዚህ የሚበላውም የሚለበሰውም በየራስ ጀርባ ነው። አራት ነበርን፤ ኦቦ ጉተማ፣ መነጽር አድርጎ መዝገብ የሚይዘው ደጀኔ፣ መጥረቢያ ይዞ መንገድ የሚያወጣልን የአገሩ ልጅ ተሬሳ፣ እና እኔ።

ኦቦ ጉተማ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ከኮሌታቸው ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚፈልግ የሚመስል ሰው ነበሩ። ከረጢታቸው ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደ የጋዝ ጭንብል መያዣ ነው። ዶሮ ቢከቱባት ጭራዋ ውጭ ይቀራል። ከዚያች ውስጥ ግን ጋቢ ይወጣል፣ ሹራብ ይወጣል፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጣሳ፣ በሶ፣ ጨው፣ ቢላዋ፣ መርፌና ክር ይወጣል። ሁሉም ወጥቶ አለቀ ስትል ተሬሳን ዘወር አድርገው በጀርባው ተከልለው ደግሞ አንድ ነገር ይፈትሻሉ።

ዕቃ አከታተታቸው በራሱ ትምህርት ነበር። ልብስ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ካልሲ ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ ጨው ካልሲ ውስጥ ይገባል። «ባዶ ቦታ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው» ይላሉ። የሌሊት ካልሲ ቀን አይነካም። አሮጌ ጋዜጣ ከሸሚዝ ሥር ደረት ላይ ይነጠፋል፤ ደጀኔ ጋዜጣውን ሳያነብ አላደርግም እያለ ሁልጊዜ ያዘገየን ነበር። ከሁሉ በላይ የሚወዷት ቃል ግን ይቺ ናት፤ «ሦስት ሥራ የማይሠራ ዕቃ ቤቱ ይቀመጥ!» ጋቢያቸው ካባ ነው፣ ፍራሽ ነው፣ ፎጣ ነው። ጣሳቸው ድስት ነው፣ መጠጫ ነው፣ ሲገለበጥ ወንበር ነው። አንድ ቀን ጭልሞ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ ሲያባርሩበትም አይቻለሁ፤ አራተኛ ሥራ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ በምክር ብቻ ቢተውት ማንም አይቀየማቸውም ነበር። እሳቸው ግን ልጅነታቸውን የጨረሱት ፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። አባታቸው ለአንድ የወንዝ ዳር መሬት ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ፣ ኦቦ ጉተማ ስንቅ እያመላለሱ የሙግቱን ቋንቋ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል። ስለዚህ ጫካ ልንወጣ ስንል በዋዜማው መሥሪያ ቤቱ ግቢ ካለው ጽድ ሥር ችሎት ይሰየማል። ሁላችንም ዕቃችንን መሬት ላይ ዘርግተን እንቆማለን። እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ግንዱ ላይ ይቀመጡና ዕቃውን አንድ በአንድ ያስቀርባሉ።

የመጀመሪያው ቀን የደረሰብኝን አልረሳውም። እኔ ከአምቦ ይዤ የመጣሁት ማዕዘኖቹ ብረት የለበሱ የቆዳ ሻንጣ ነበር። ኦቦ ጉተማ ሻንጣውን አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አካም ጅርታ፣ ደህና ነህ ወይ» አሉ፤ ለሻንጣው ነው። ከዚያም ከፍተው የጫማ ብሩሼን በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት።

«በሕግ አምላክ! ተጠየቅ፣ አንተ ብሩሽ! ጭልሞ ላይ የታዬን ጫማ ማን ሊያይ ነው?»

ብሩሹ ዝም አለ። ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁት።

«ቃሉን ለመስጠት እምቢ ብሏል» አሉ። «ዋስ አለው?»

ዋስ ማለት ይሄ ነው። ጥቅሙ ያጠራጠረ ዕቃ ከቡድኑ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ ዋሱ ነኝ» ካላለለት አይሄድም። ዋስነት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ዕቃው ሲሄዱ የባለቤቱ፣ ሲመለሱ የዋሱ ሸክም ነው። ከአምስት ቀን ጫካ በኋላ የሰው ብሩሽ ተሸክሞ የሚመለስ ሞኝ ስለሌለ ማንም አልተነሣም። ብሩሼ ተረታ። መስተዋቴ ተረታ። ሁለተኛው ሱሪዬም ተረታ። ሻንጣው ራሱ በመጨረሻ «ያለ አግባብ ትልቅ በመሆን» ተፈርዶበት መዝገብ ቤት ታሰረ።

ሌላም ሕግ ነበር፤ የከበደኝ እሱ ነው። የተፈረደበትን ዕቃ ደብቆ የያዘ ሰው ከኦቦ ጉተማ ጋር ሁለተኛ ጫካ አይገባም። ለደጀኔና ለተሬሳ ይህ ማስፈራሪያ ነበር፤ ለእኔ ግን ፊርማው ማለት ነው።

ታዲያ ዳኛው የራሳቸውን ከረጢት አያስፈትሹም ነበር። አንድ ቀን ደጀኔ ደፍሮ «የእርስዎስ ኦቦ ጉተማ? እታች ያበጠው ምንድነው?» ሲል «የዳኛ ከረጢት ይግባኝ የለውም» ብለው ዘጉት። ተሬሳ አረቄ ነው ይላል። ደጀኔ ሽጉጥ ነው ይላል። እኔ መስቀል መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ሲነኩት ፊታቸው ይለሰልሳል።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ደንዲ ሄዳችሁ ቁጠሩ ተባልን። ኅዳር ተጋምሷል። ደንዲ ላይ፣ ሐይቁ ከላይ ወደሚታይበት ጫፍ፣ በኅዳር የሚወርደውን ውርጭ የማያውቅ ቢኖር እድለኛ ነው። ብርሃኔ ስትሰማ ሣጥኑን ከፍታ የእናቷን ቡሉኮ አወጣች። ቡሉኮውን ያያችሁት ቢሆን! አራት ሰው ያለብሳል፣ አንድ ሰው ይገድላል፤ ክብደቱ ማለቴ ነው።

«ይሄንን ሳትይዝ ከሄድክ አትመለስ» አለችኝ።

«ኦቦ ጉተማ አያሳልፉትም።»

«እኔስ አሳልፍሃለሁ?»

በሁለት ዳኞች መካከል መውደቅ እንዲህ ነው።

በዋዜማው ችሎት ቡሉኮውን አቀረብኩት። ኦቦ ጉተማ ዙሪያውን በዱላቸው እየለኩ ዞሩት። «ይሄ ልብስ ነው ወይስ ጎጆ?» አሉ። ካባ ነው፣ ፍራሽ ነው፣ ብዬ ሁለት ሥራ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛው ጠፋኝ። ዋስ ተጠራለት። ተሬሳ ሰማይ አየ፣ ደጀኔ መነጽሩን ጠረገ። ቡሉኮው ተረታ።

ከዚያ «ክብሪት!» ተባለ።

ተሬሳ ብድግ ብሎ ጋቢውን አደገደገ። «በሕግ አምላክ! እኔ መጥረቢያ ተሸክሜአለሁ። የሸራውን ገመድ ተሸክሜአለሁ። በሶውን ተሸክሜአለሁ። ራስዎ ኦቦ ጉተማ ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ይሉን የለም ወይ? ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይቺን አንዷን ሎሚ ሌላ ሰው ያጊጥባት!»

«ዱጋ! እውነት ነው። ረታህ!» አሉ ኦቦ ጉተማ፤ ሙግት ሲያምር ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

የእኔ ተራ ሆነ። «ክብሪት ጠላቱ እርጥበት ነው» አልኩ። «እኔ ደግሞ ዳገት ላይ በጣም የሚያልበኝ ሰው ነኝ። ለመንግሥት ሥራ ደኅንነት ሲባል ክብሪቱን ደረቅ ሰው ይያዘው።» ነገ በጣም እንደሚያልበኝ እርግጠኛ የሆንኩበትን ምክንያት ግን አልተናገርኩም።

«ረታህ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ደጀኔ ዘንድ ሲደርሱ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። ደጀኔ ሲጋራው ከከንፈሩ ወርዶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ክብሪት የሌለበት ኪስ አልነበረውም። ሦስታችንም አየነውና ፈገግ አልን። እሱም ፈገግ አለ። ችሎቱ ተነሣ።

በማግስቱ ማለዳ ቡሉኮውን ሁለት እጥፍ አድርጌ ከብብቴ እስከ ጉልበቴ ተጠመጠምኩበት፤ በመጫኛ አሰርኩት፤ ከላይ የአማቴን ካፖርት ደረብኩ። እስከ ዳገቱ ሥር የሚያደርሰን እንጨት ጫኝ መኪና ላይ መውጣት አቅቶኝ ተሬሳ ከታች ገፋኝ፣ ደጀኔ ከላይ ጎተተኝ። ላጎነብስ ስለማልችል እስከ መንገዱ መጨረሻ ቆሜ ሄድኩ።

«አቶ ታዬ» አሉ ኦቦ ጉተማ፤ አቶ የሚሉኝ ሲጠረጥሩኝ ነው። «ከትናንት ወዲህ ተመቸህ መሰለኝ።»

«ሽሮ ነው፣ ኦቦ ጉተማ። ያሳብጠኛል።»

«እኔንም ያሳብጠኛል» አሉና ወደ ሜዳው ዞሩ።

ከመኪና ወርደን ዳገቱን ስንጀምር የሆንኩትን እኔና የሠራኝ እናውቀዋለን። በየአሥር እርምጃው ዛፍ የምለካ እያስመሰልኩ ግንድ ላይ እደገፋለሁ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። ኦቦ ጉተማ ከኋላዬ እያፏጩ ይከተሉኛል። እንኳን ክብሪት፣ ከሰል ብይዝም ይጠፋ ነበር።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። ሐይቁ ከታች ጠቁሯል፣ ጉም ከወዲያ ማዶ መነሣት ጀምሯል። ሸራችንን ከአስታ ዛፍ ሥር ወጠርን። ተሬሳ ደረቅ እንጨት ከመረ። ኦቦ ጉተማ እጃቸውን እያፋተጉ ተቀመጡና «በል እንግዲህ ደጀኔ፣ ለኩሰው» አሉ።

«በምን?» አለ ደጀኔ።

«በክብሪትህ ነዋ!»

«ክብሪት የለኝም።»

የሳቅነው ቀልድ መስሎን ነው። ደጀኔ ግን ኪሱን እስከ ስፌቱ ገለበጠው። የነቢያት ጾም ሲገባ ሲጋራ ለማቆም ተስሎ ኖሯል። ክብሪት ኪሱ ካለ ሲጋራው ያምረኛል ብሎ ሁሉንም ለሚስቱ አስረክቦ መጥቷል።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርክም?» ብሎ ጮኸ ተሬሳ።

«ማን ጠየቀኝ? በችሎት ያልተጠየቀ አይመልስም!» አለ ደጀኔ፤ ሕጉን ያወቀው እኮ ከእኛው ጋር ነው። «ለምን ፈገግ አልክ?» አልኩት። «ሁላችሁም ስታዩኝ ፈገግ አላችሁ፤ ስለቱን አውቀው አበረታቱኝ ብዬ» አለ።

ሦስታችንም ቀስ ብለን ወደ ኦቦ ጉተማ ዞርን። ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩ፤ እዚያም የለም።

«ዳኛ ማስረጃ አይሸከምም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

እንዲህ ሆነና አራት የታወቁ ተሟጋቾች፣ እያንዳንዳችን ረትተን፣ ደንዲ አናት ላይ አንዲት ክብሪት ሳይኖረን ቀረን። ቅርቡ ቤት የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው፤ ጉሙ ደግሞ እጅህን አያሳይም። ተሬሳ ሁለት እንጨት አንሥቶ ማፋተግ ጀመረ። ከእንጨቱ እሳት አልወጣም፤ ተሬሳ ግን ሞቀው። ይህን ሲያዩ ደጀኔና ኦቦ ጉተማም እንጨቱን በተራ እየተቀባበሉ ማፋተግ ጀመሩ። «በቃህ፣ ሞቀሃል፣ አምጣ!» ይባባላሉ። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠን ጠጣን። ከዚያ ጣቶቻቸው እንጨት የማይዙበት ሰዓት መጣ፤ ሸራው ሥር ተኮራምተው ተቀመጡ።

እኔ? እኔ ሞቆኝ ነበር። ክፉው ነገር እሱ ነው። ቡሉኮዬ ውስጥ እንደ ዳቦ እየበሰልኩ፣ ሦስት ሰዎች ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። ያልቀዘቀዝኩ እንዳይመስል አልፎ አልፎ «ቆራ ነው! ብርድ ነው!» እላለሁ፤ ጥርሴንም አውቄ አንቀጫቅጫለሁ። የደጀኔ ጥርስ ግን የእውነት ነው፤ እንደ ታይፕ መኪና ይንጫጫል። ዝም ብዬ ብቀመጥ ሌሊቱ ያልፋል፣ በሳምንቱ ፊርማው ይመጣል፣ ብርሃኔ ከዶሮ ጋር አትወልድም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አፅናናለሁ።

ከዚያ ኦቦ ጉተማ ተነሡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ደጀኔን አለበሱት። ሹራባቸውን ብቻ ለብሰው ተመልሰው ተቀመጡና ያን ረጅም አንገታቸውን ለማስገባት ኮሌታቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። አንገቱ አልገባም። ያን አንገት ማየት አቃተኝ።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ራሴን ከስሻለሁ!»

ካፖርቱን አወለቅሁ። ተሬሳ መጫኛውን ፈታና የቡሉኮውን ጫፍ ይዞ ጎተተ። እኔ እዞራለሁ፣ ቡሉኮው ይተረተራል፤ እንደ እንዝርት ስሽከረከር ቆይቼ አዙሮኝ ደጀኔ ላይ ወደቅሁ። «አሁንም አለ? አሁንም አለ?» እያለ ተሬሳ ይስባል። አለቀ። ከውስጡ የቀረሁት እኔ፣ ከቡሉኮው አንሼ ተገኘሁ።

አራታችንም ጉልበታችንን አገጣጥመን ከቡሉኮው ሥር ገባን። ሙቀት ሲመጣ ሁሉም ምላሱ ተፈታ። ኦቦ ጉተማ ግን አቶ አሉኝ።

«አቶ ታዬ። የተፈረደበትን ዕቃ ደብቀህ ይዘሃል። ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ፊርማውም በእኔ እጅ እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ ጉተማ። ሚስቴ ግን…» አላፍርም፣ አልቅሻለሁ።

«ቆይ እስቲ፣ ፍርዱን ተኝቼ ላስብበት» አሉና ከረጢታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። በዚያ ጥብበት የተሬሳ ክንድ ከረጢቱ ላይ አረፈ። ተሬሳ ጨመቀው። እንደገና ጨመቀው።

«ኦቦ ጉተማ፣ ይሄ አረቄ አይደለም። ልስልስ ያለ ነገር ነው!»

«ላኪ! ተው! አትንካ!»

ዘግይተዋል፤ ተሬሳ አውጥቶታል። የእጅ ባትሪያችን አንድ ነበረች፤ ደጀኔ አበራት። ትራስ ነው። ዳቦ የምታክል፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ጥልፍ ያላት ትራስ። መሐሏ ላይ ሁለት ወፎች አፍ ለአፍ ገጥመዋል፤ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» ተብሎ ተጠልፏል።

እኔ መስተዋት ተከልክዬ ሦስት ወር ገደማ ጢሜን በባልዲ ውኃ እያየሁ የተላጨሁ ሰው ነኝ። ደጀኔ ጥላው ተፈርዶበት ዝናብ ጠጥቷል። የተሬሳ ማንቆርቆሪያ እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት እሥረኛ ናት።

«በሕግ አምላክ!» አለ ተሬሳ፣ በተኛበት። «ተጠየቁ፣ ኦቦ ጉተማ! ይቺ ቦራቲ፣ ይቺ ትራስ፣ ሦስት ሥራዋ ምንድነው?»

ሰውየው ብዙ ሞከሩ። ትራስ አይደለችም፣ የጆሮ መሸፈኛ ናት አሉ። ወንዝ ስንሻገር ትንሳፈፋለች አሉ። በመጨረሻ በዚያ አንገት ላይ ያለው ማንቁርት አንዴ ወጣ፣ ወረደ።

«ጫልቱ ናት የጠለፈችልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ከተጋባን ጀምሮ ያለሷ ተኝቼ አላውቅም። አንድ ሥራ ብቻ ነው የምትሠራው።»

ባትሪዋ ጠፋች። ማንም አልሳቀም። ይልቅ አንጀቴን በላኝ። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ብሩሽና ጥላ ሲያሳድዱ፣ እታች ያበጠው ነገር ሚስታቸውን መናፈቃቸው ነበር።

«ዋስ አላት?» አለ ተሬሳ፤ ሕግ ሕግ ነው።

«እኔ ዋሷ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ የኦቦ ጉተማ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መጣ። «ለቡሉኮውስ ዋስ አለ?»

ደጀኔ ሊመልስ ሲል ቀደሙት። «እኔ ነኝ። ተኛ፣ ታዬ።» አቶ አላሉኝም። ተኛሁ።

ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ተሬሳ ወርዶ ከአንዲት ባልቴት ቤት በገል እሳት ጭሮ መጣ፤ ሦስቱን ቀን ያንን ፍም እንደ አራስ ልጅ እየተፈራረቅን ጠበቅነው። ዛፉንም ቆጠርን። የወረድነው በጊንጪ ገበያ ቀን ነው። ሲመለሱ የዋሱ ሸክም ነውና፣ ኦቦ ጉተማ ያን ቡሉኮ ጭንቅላታቸው ላይ ቆልለው በገበያው መሐል አለፉ። እኔ ከኋላቸው ትራሷን በብብቴ ይዤ፣ «መልካም እንቅልፍ» የሚለው ወደ ውጭ ዞሮ፣ እከተላለሁ። ስሸሽገው «ጽሑፉን አትሸፍን፣ ዋስ በግልጽ ነው» ይሉኛል። ቤታቸው ስንደርስ ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ሁለታችንንም አየችና በሩ ላይ ተቀምጣ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ያኔ ነው ኦቦ ጉተማ ስለ ዘርፉ የነገሩኝ፤ የቡሉኮው ዘርፍ ከመኪናው ጀምሮ ከካፖርቴ ሥር እንደ ፍየል ጭራ ሲወዛወዝ ኖሯል። «ታወጣው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ» አሉኝ።

ፈረሙልኝ። ብርሃኔ ጊንጪ በተከራየነው ቤት ወለደች፤ ዶሮ በአካባቢው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ጉተማ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው «ክብሪት?» ሆነ። «አለ» ስላቸው ነው ደህና ነህ ወይ የሚሉኝ። በቀጣዩ ጉዞማ አራታችንም በየኪሳችን፣ በየካልሲያችን ክብሪት ሞልተን ጭልሞ ደረስን። ጨው የያዘ ግን አልነበረም።

መርዶውን በሰማሁ ማግስት ጊንጪ ሄድኩ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደጀኔና ተሬሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ ተሬሳ ጆሮዬ ሥር «ክብሪት?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ሦስታችንም አንገታችንን ደፋን፤ ሰው ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ አይቶ አለቀሱ ብሏል። ግማሹ እውነት ነው።

ወደ ማታ አዴ ጫልቱ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ያቺ ከረጢት ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። «ራሱ ነው ያሰናዳት» አለችኝ። «አልጋ ላይ ሆኖ ዕቃውን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ዋለ። ሆስፒታል ስንገባ ነርሷ ትራስ አመጣችለት። ‹ይሄ ዋስ አለው?› አላት። ልጅቷ ደንግጣ ሐኪም ጠራች።» ሳቀች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «ኋላ ሲብስበት ‹ጫልቱ፣ እኔ ባልመለስ ቦራቲዋ ትመለሳለች› አለኝ። ‹ሲመለሱ የዋሱ ናት። ለታዬ ስጪው።›»

ትራሷን ከከረጢቱ አወጣችና ሰጠችኝ። ሐምራዊው ደብዝዟል፣ አንደኛዋ ወፍ ዓይኗ ወልቋል።

«አዴ ጫልቱ፣ ይሄማ ላንቺ…»

«ውሰደው፣ ውሰደው! ከአዲስ አበባ እስከዚህ እኔ ተሸክሜልሃለሁ። ከዚህ ወዲያ ሸክሙ ያንተ ነው።»

ጊንጪ ገበያ ቀን አልነበረም፤ ቢሆንም የሚያውቀኝ ሰው አልጠፋም። ትራሷን በብብቴ ይዤ፣ ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙሬ ሄድኩ። ኦቦ ጉተማን እወዳቸው ነበር፤ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ነግሬአቸው አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ትራሷን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ወፎቹን አየች፣ ጽሑፉን አነበበች፣ ከዚያ ያበጠ ዓይኔን አየች።

«ጋሼ፣ ትራሱ ይሸጣል?» አለችኝ።

«አይሸጥም፣ እመቤት» አልኳት። «ዋሱ ነኝ።»